ከዜሮ በታች ዘጠና አራት

የልብስ ማጠቢያ ድርጅቱን ውሃ የሚያሞቀው ቦይለር ያለው ምድር ቤት ውስጥ ነው። የሚሠራበት ዋርሳዬ፣ የሟቹ ባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው። እኔ ኮሪደሩ ላይ የተተከለውን የሌዘር መሣሪያ እከታተላለሁ። መሣሪያው የቦይለሩን ክፍል አየር በቀጭን ቱቦ እየሳበ ብርሃን ያሳልፍበታል። ሽታም ቀለምም የሌለው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ካለ ከብርሃኑ ጥቂቱን ይውጣል፤ የጎደለው ብርሃን የጋዙን መጠን ይናገራል። ባለቤቴ እዚያ ሲሠራ መሣሪያው አልነበረም።

በየማለዳው ንጹሕ ናይትሮጅን እየነፋሁበት ዜሮው ምን እንደሆነ አሳየዋለሁ። ሰኞ ዕለት የናይትሮጅኑ ሲሊንደር አለቀ። ሌላ እስኪመጣ ብዬ በክፍሉ አየር ዜሮ አደረግሁት።

ረቡዕ ዋርሳዬ ከቦይለሩ ጀርባ ገብቶ ጥቀርሻ ሊጠርግ ጓንቱን አጠለቀ። የሁለት ሰዓት ሥራ ነው።

«እታለም፣ ጠንቋይሽ ምን አለ?»

«ዜሮ።»

«እንግዲያው ራሴን የሚፈልጠኝ ያንቺ ጭቅጭቅ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሰኞ። ቤት ስገባ ይተወኛል።»

«ቆይ፣ አትግባ።»

«ዜሮ ነው አላልሽም እንዴ? የማይታይ ነገር ለማየት ደሞዝ እየበላሽ፣ ያየሽውንም አታምኚ?»

«ቁም አልኩህ!»

ቆመ። የቱቦውን ጫፍ ከክፍሉ አውጥቼ በኮሪደሩ መስኮት ወደ ውጭ ዘረጋሁት። ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ ወረደ፣ ወረደ፤ ከዜሮ በታች ዘጠና አራት ላይ ረጋ። ከምንም ያነሰ ጋዝ የለም። ከሚሊዮን እጅ ዘጠና አራቱ መርዝ የሆነውን አየር ንጹሕ ነው ብዬ ለመሣሪያው ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

«ምን ማለት ነው?» አለኝ።

«ሦስት ቀን ስትተነፍሰው ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ነዳጁን ከበሩ ውጭ ባለው መዝጊያ ዘጋሁ። ወዲያው ላይ ያሉት አጣቢዎች ውሃው ቀዘቀዘ ብለው መጮኽ ጀመሩ። ሁሉም ወደ ግቢ እንዲወጡ አደረግሁ፤ ዋርሳዬ ውጭ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«ሐኪም ቤት እንሂድ» አልኩት።

«እሺ። ለእማዬ ግን እንዳትነግሪያት። አንዱን ልጇን ቀብራ...»

«ለእሷ አልነግራትም። ሪፖርቱ ላይ ግን እጽፈዋለሁ።»

«ስምሽንም?»

«ስሜንም።»

ሲነሣ ተንገዳገደ። ክንዱን ያዝኩት።

«በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሕፃን ልትመሪኝ ነው?»

«ዝም ብለህ ተንፍስ» አልኩት።