መሃሉ የሰረጎደ ኬክ

«ይሄማ ኮርቷል» አለች አክስቷ፣ ከኦቨኑ የወጣውን ኬክ ዙሪያውን እየዞረች እያየች። «ምን ተሹሞ ነው እንዲህ የተነፋው?»

ሚዛን በጨርቅ የያዘችውን ፎርማ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና የኦቨኑን በር በጉልበቷ ገፋችው። በሩ ሲጢጥ ብሎ ተዘጋ። ኬኩ ከዳር እስከ ዳር እኩል ኩፍ ብሏል፤ እንዲያውም መሃሉ ትንሽ ከፍ ይላል። ስቴኪኒ ሰካችበት፤ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ሌላ ቀን ቢሆን ደስ ባላት ነበር።

«እትዬ፣ የእማዬ እንዲህ ነበር እንዴ?»

«የእናትሽማ...» አክስቷ መዳፏን አጉድጉዳ አሳየቻት፤ ከዚያ እጇ እንደተዘረጋ ቀረ።

እናቷ ከተቀበረች አራተኛ ቀን ነው። ሳሎኑ ከየጎረቤቱ በተለቀመ ወንበር ሞልቷል። አንዱ ይገባል፣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይላል፣ ይቀመጣል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ስለ ሟቿ አንድ ነገር ይናገራል፣ ይሄዳል። ወጥ ቤቱ ደግሞ ሰው ባመጣው ድስት ተጨናንቋል። ይህ ሁሉ ምግብ ባለበት ቤት የማይበላ አንድ ሰው አለ፤ እሱም አባቷ ነው።

ከቀብር ወዲህ ከሻይ በቀር በአፉ የዞረ ነገር የለም። በየቀኑ የሚውጠው የደም ግፊት መድኃኒት ደግሞ በባዶ ሆድ አይወሰድም። ሚዛን መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ «ከምግብ በኋላ ነው፤ ከምግብ በኋላ» እያለች በቀን ለስንት ሰው ትናገራለች። ለገዛ አባቷ ግን አፏ አልሠራላትም። ሰኞ ሥራ ትገባለች፤ አክስቷም ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ያኔ ማን ይለምነዋል?

ትናንት «እስቲ ምን ያምርሃል? የፈለግከውን» ብላው ነበር። አባቷ፣ «የሷን ኬክ» አለ። ከዚያ እንዳፈረ ሰው ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ።

አሁን ቆርሳ በሳህን ይዛለት ገባች። አባቷ ሳህኑን ተቀብሎ አየው።

«እጅሽ ይባረክ፣ ሚዛኔ። ቆንጆ ነው።»

«ቅመሰዋ።»

«እቀምሳለሁ።» ሳህኑን ከጎኑ ለተቀመጡት ሽማግሌ ጎረቤት አቀበለ። «እርስዎ ይብሉልኝ። የሷ ሲሆን መሃሉ ሰርጎድ ይል ነበር።»

*

ሚዛን ቅጽል ስሟ ነው። ልጅ ሳለች ከእናቷ የወጥ ቤት ሚዛን ላይ እጇ አይነሳም ነበር። ሽንኩርት ትመዝናለች፣ ጫማዋን ትመዝናለች፤ አንዴማ የጎረቤት ድመት ስትመዝን ክንዷን ተቧጥጣለች። አድጋ መድኃኒት ቤት ስትቀጠር አባቷ፣ «የተቀጠረው ስሟ ነው፤ እሷ ተከትላው ገባች» ብሎ ሰፈሩን አሳቀ።

እናቷ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ኃላፊ ነበረች። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ለሁለት መቶ ልጅ ምሳ አብስላለች። ሳይደርስ የቀረ ወይም ያረረ ምግብ አውጥታ አታውቅም ይሏታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ለቤቷ አንድ ኬክ ትጋግራለች። ያ ኬክ ነው አንድም ቀን ቀጥ ብሎ ያልወጣው። ሁልጊዜ መሃሉ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። እሷም ግድ የላትም። ጎድጓዳውን በፖም ማርማላታ ትሞላና፣ «አትዘኑለት፤ እየሳቀ ነው። ሲስቅ ጉንጩ የሚሰረጉድ ሰው አላያችሁም?» ትላለች።

ሚዛን አሥር ዓመት ሲሞላት ሦስቱም ልደቷን ሊያከብሩ ወጥተው ነበር። ምግብ ቤቱ ግቢው ውስጥ መንሸራተቻ አለው፤ ለልጆች የሚቀባ ወረቀትና እርሳስ ይሰጣል። ኬኩ መጣ፤ ክብ፣ ልሙጥ፣ እንከን የማይወጣለት። አባቷ ሳህኑን ወዲህና ወዲያ አዙሮ አየና አስተናጋጁን ጠራ።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ የዚህ መሃሉ የታለ?»

አስተናጋጁ ጎንበስ ብሎ አየ። «ጌታዬ፣ ሙሉ ነው እኮ።»

«እኔም ያልኩት እሱን ነው።»

እናቷ የወረቀት ፎጣ አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ባሏን አየችው። ሚዛን ያን አስተያየት እስከ ዛሬ አትረሳውም፤ ኪሱ ውስጥ ምን እንደደበቀ የታወቀበትን ልጅ እንደማየት ያለ ነበር። አሥር ዓመት ለሞላት ልጅ ግን ይህ ምኗም አልነበረም፤ መንሸራተቻው እየጠበቃት ነበር።

*

በአምስተኛው ቀን ሚዛን የኬኩ መሃል እንዲወድቅ ሆን ብላ ልታደርግ ተነሳች።

መጀመሪያ ቤኪንግ ፓውደሩን እጥፍ አደረገችው። ኬኩ ከፎርማው ገንፍሎ ኦቨኑ ወለል ላይ ፈሰሰና ማረር ጀመረ። ጭሱ ሳሎን ሲገባ ሽማግሌው ጎረቤት የጀመሩትን ምርቃት አቋርጠው፣ «ነፍሷን ይማር... ልጆች፣ የሚነድ ነገር አለ እንዴ?» አሉ።

ቀጥሎ እንቁላሉን ቀነሰች። የወጣውን አክስቷ በጣቷ ኳ ኳ አደረገችው።

«ይሄኛውን አትጣይው። አጥሩ ጋ አንድ ድንጋይ ወልቋል።»

«እትዬ፣ አትቀልጂብኝ።»

«ልሳቅ እንጂ የኔ ልጅ። አራት ቀን አልቅሼ ዓይኔ ደርቋል። እህቴም ብታየን በዚህኛው ነው የምትስቀው።»

ሚዛን ወንበር ላይ ተቀመጠች። ግንባሯ ላይ ዱቄት አለ። «ሰኞ ጥዬው ልሄድ ነው፤ አንዲት ቁራሽ ሳላበላው» አለች። ድምፅዋ ተሰበረ።

አክስቷ ቀልዷን ተወች። ወደ ቁም ሳጥኑ ሄዳ የሟቿን ደብተር ፈልጋ አመጣች። ሽፋኑ በዘይት የራሰ፣ ጥጋጥጉ የተበላ ደብተር ነው። ውስጡ ሁሉ የትምህርት ቤቱ ነው፤ ሃያ ኪሎ ዱቄት፣ አንድ መቶ እንቁላል። የመጨረሻው ገጽ ላይ ብቻ «የቤት» የሚል አለ። አክስቷ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ ሰክታ ጮክ ብላ አነበበች።

«‹አንደኛ፦ ስድስት ፖም ልጦ በስኳርና በሎሚ ማብሰል። ሁለተኛ፦ ቅቤውንና ስኳሩን መምታት...› ይሄን ሁሉ አድርገሻል። ‹ዱቄቱ ተነፍቶ...› አድርገሻል። ይኸው መጨረሻው፦ ‹መሃሉ ሳይጸና ኦቨኑ አይከፈት። ከተከፈተ ይወድቃል።›»

በሩ ላይ ብርጭቆ ከማስቀመጫው ጋር ተንኳኳ። አባቷ ባዶ የሻይ ብርጭቆውን ሊመልስ መጥቶ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል። ብርጭቆውን ያገኘው ቦታ ላይ አስቀመጠና ተመለሰ።

«የእጅ ጽሕፈቷን ሲያይ ነው» አለች ሚዛን ቀስ ብላ።

አክስቷ ግን ገጹን ትኩር ብላ እያየች ነበር። «እኔ የማይገባኝ... ይሄን ካወቀች ለምን ይወድቅባት ነበር? ለሁለት መቶ ልጅ ስትጋግር አንድ ቀን እንኳ አልወደቀባትም።»

«የኛ ኦቨን አርጅቷላ።»

«አርጅቶ ነው ያንቺን እንደ ወታደር ያቆመው?»

*

ቅዳሜ ጠዋት፣ ለቅሶ ደራሽ ሳይመጣ፣ ሚዛን ወጥ ቤት ስትገባ አባቷ ከሷ ቀድሞ ኦቨኑ ፊት ተቀምጦ አገኘችው። ልብሱን ለብሷል፤ ጸጉሩን አበጥሯል። ወደ ሥራ የሚሄድ ይመስላል።

«አባዬ፣ ሳትተኛ ነው?»

«እኔ ነኝ» አለ።

«ምኑን?»

«የምከፍተው። ሰላሳ አንድ ዓመት ሙሉ።»

ሚዛን ቀስ ብላ ተቀመጠች። አባቷ ሰዓት ሠሪ ነው፤ ነገር ሲያስረዳ ትንንሽ ብሎኖች ጨርቅ ላይ እንደሚደረድር ሰው አንድ በአንድ ነው።

«በተጋባን በሁለተኛው ወር ነው። ከሱቅ ስገባ ቤቱን ሽታው ሞልቶታል። እሷ ውጭ ነበረች። ከፍቼ አየሁት። ዝም ብዬ ቆሜ አየሁት፤ እንዲህ ቀስ እያለ ሲነሳ። ዘጋሁት። ሲወጣ መሃሉ ወድቋል። እሷ ‹ኦቨኑ ነው መሰለኝ› አለች። እኔ... እኔ ነኝ ማለት አቃተኝ። አዲስ ሙሽራ ነኛ፤ አፈርኩ። ላካክሰው ብዬ ሁሉንም በላሁት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ዛሬስ አልከፍትም እላለሁ። ሰዓት ሠሪ ነኝ፤ አንዲት የሰዓት ጥርስ ለመግጠም ግማሽ ቀን ትንፋሼን ይዤ እቀመጣለሁ። ለኬክ ግን አሥራ አምስት ደቂቃ መታገስ አቃተኝ። እንዳይሰማባት የበሩን ማጠፊያ በሰዓት ዘይት እቀባው ነበር። ከታመመች ወዲህ አልቀባሁትም፤ ይኸው ይጮሃል።»

ሚዛን ልትስቅ ነበር፤ ዓይኑን ስታይ ተወችው።

«ሆስፒታል ልነግራት ነበር። የመጨረሻው ቀን ማለዳ፣ እጇን ይዤ፣ አፌ ላይ ደርሷል። እሷ ተኛች። ስትነቃ እነግራታለሁ አልኩ።» መዳፉን ጉልበቱ ላይ አሸ። «አልነቃችም። እንግዲህ እንዳታለልኳት ነው የቀበርኳት፣ ልጄ። ትልቅ ነገር አይደለም ትይኝ ይሆናል። ግን ያች ሴት በሙያዋ ማንም ሳያማት በኔ ምክንያት ሰላሳ አንድ ዓመት ‹ኬክ አይሆንላትም› ተባለች። ይሄን ይዤ በየትኛው ጉሮሮዬ ልዋጥ?»

ሚዛን የአባቷን ቃል ለብቻ፣ የደብተሩን ገጽ ለብቻ አድርጋ መዘነች። ከዚያ ደብተሩን ከመስኮቱ ጠርዝ ላይ አንስታ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች።

«አባዬ፣ ፖሙን የሚልጠው ማን ነበር?»

«እኔ ነኛ። ጠዋት፣ ሱቅ ሳልሄድ።»

«ማርማላታው መቼ ይሠራል?»

«ወዲያው።»

«ኬኩስ?»

«ማርማላታው ሲበርድ፤ ከሰዓት...» አባቷ ቆመ።

«እዚህም እንዲሁ ጽፋዋለች። ‹አንደኛ፦ ስድስት ፖም ልጦ።› ገና ላልወደቀ ኬክ መሙያ የሚያዘጋጅ ሰው አለ?»

አባቷ ደብተሩን ወደ ራሱ ስቦ መስመሩን በጣቱ ተከተለው።

«ኦቨኑን ላስጠግንልሽ ብለሃት አታውቅም?»

«ስንት ጊዜ! ‹ተወው፣ ለምደነዋል› ነው የምትለኝ።»

«ስትከፍት ግን እንዴት አንድ ቀን እንኳ አላየችህም?»

«ውጭ ናታ። ኬኩን እንደከተተች ፎጣ ልታሰጣ ትወጣለች።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

ሚዛን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሲዘንብስ፣ አባዬ?»

ቧንቧው አንድ ጠብታ ጣለ። አባቷ በመስኮቱ አሻግሮ የልብስ ማስጫውን ገመድ አየ፤ ያልታሰበ ብሎን እጁ ላይ እንዳገኘ ሰው ለረጅም ጊዜ አየው።

«ሲዘንብም» አለ። «አቤት የአምላክ ያለህ... ሲዘንብም ትወጣ ነበር። ጃንጥላ ይዛ።»

ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሚዛን አለቀሰ ብላ ልታቅፈው ስትጠጋ፣ እየሳቀ ነበር። እያለቀሰም ነበር። ሁለቱ ተቀላቅለው በአንድ ፊት ላይ እንዴት እንደሚያምሩ የሚያውቀው የፈጠራቸው ብቻ ነው። አክስቷ በነጠላ ጫማ እየሮጠች መጣች፤ ምን ተፈጠረ ብላ ከበሩ ላይ አንዴ እሱን፣ አንዴ ልጅቷን አየች።

«ታውቅ ነበር» አላት አባቷ። «እህትሽ ታውቅ ነበር።»

«ምኑን?»

«በኋላ እነግርሻለሁ» አለች ሚዛን፤ ቢላዋና ስድስት ፖም አባቷ ፊት አስቀመጠች። «መጀመሪያ ፖሙ ይላጥ።»

አባቷ እጁን ታጥቦ ተቀመጠ። ልጣጩ ሳይበጠስ እንደ ክር እየወረደ ረዘመ። በሦስተኛው ፖም ላይ፣ ሳያውቀው፣ አንድ ቁራጭ አፉ ውስጥ ከተተ። አኘከ። ዋጠ። ሚዛን እያየች እንዳላየች ሆነች፤ አክስቷም ልትናገር አፏን ከፍታ ነበር፣ ሚዛን በክርኗ ጎሰም አደረገቻት።

ማርማላታው በሰለ፣ በረደ። ከሰዓት በኋላ ሚዛን ዱቄቱን ነፋች፣ ቅቤውን መታች፤ ሁሉን በልኩ፣ እንደ ደብተሩ። ፎርማውን ኦቨን ውስጥ ከተተች። አባቷ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ከጎኑ ተቀመጠ። መድኃኒቱ ከውኃ ጋር ጠረጴዛው ላይ አለ፤ የሚጠብቀው ኬኩን ብቻ ነው።

ከመንጠቆው ላይ ታጥፎ የተሰቀለ ፎጣ አነሳች።

«ፎጣ ላስጣ» አለች፣ ወደ አባቷ ሳትዞር።

ግቢው ፀሐይ ነው። አክስቷ ደጃፉ ላይ የሰው ድስት እያጠበች ነበር፤ ቀና ብላ ፎጣውን ዳሰሰችው።

«ይሄ ደረቅ አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

ሚዛን ፎጣውን ገመዱ ላይ ዘረጋችና አንዱን ጫፍ በመቆንጠጫ ያዘችው። ከኋላዋ፣ በተከፈተው የወጥ ቤት መስኮት በኩል፣ የኦቨኑ በር ሲጢጥ አለ።

ሰዓቷን አላየችም። ሁለተኛውን መቆንጠጫ አንስታ፣ ምንም ሳትቸኩል፣ የፎጣውን ሌላ ጫፍ ያዘች።