ምሰሶው የተከፈተበት ጠዋት

ልጄ የክልሉ ምክር ቤት አባል ሆና በቆየችባቸው ሃያ ሁለት ዓመታት ውስጥ በመጠኑም ቢሆን እንቅልፍ ነበረኝ። ምክር ቤቱ ውስጥ መቶ ሰማንያ ሰው ይቀመጣል። አንድ ነገር ቢበላሽ ጥፋቱ ለመቶ ሰማንያ ይከፋፈላል፣ ለእሷ የሚደርሳት ቁራሽ ናት እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር። ደግሞም ከልጅነቷ ጀምሮ ቤተሰቡ «ጭምቷ» ነው የሚላት። መምህርት ሳለችም፣ ተመርጣ ምክር ቤት ከገባች በኋላም አፏን የምትከፍተው ሌላው ሁሉ ተናግሮ ከደከመ በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ጠላት አያበዛም ብዬ ነበር።

ከንቲባ ስትሆን ግን ያ ሁሉ ስሌት ፈረሰ። ትልቁን ከተማ አንቺ ምሪው ሲሏት እኔ ያየሁት የሚቀመጥላትን ወንበር ሳይሆን ብቻዋን የምትቆምበትን ቦታ ነው። ከንቲባ አንድ፣ ማህተም አንድ፣ የሚሰደበውም አንድ ሰው። በተሾመች ማግስት አንድ ቦርሳ አዘጋጅቼ ቁም ሳጥን ውስጥ ደበቅኩ፤ ብርድ ልብስ፣ ሁለት ካልሲ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ትርፍ መነጽሯ። መቼም የታሰረ ሰው መነጽሩ ይሰበርበታል።

አሥር ወር በሰላም አለፈ። በአሥራ አንደኛው ወር የገበያ አዳራሹን ዘጋችው።

አዳራሹ ሲሠራ ባለ አንድ ወለል ነበር። ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት ቦታ ጠበበ ተብሎ ፎቅ ተጨመረለት። አሁን የከተማው መሐንዲስ የድሮውን ንድፍ ከመዝገብ ቤት አውጥቶ ሲያይ፣ የታችኞቹ ምሰሶዎች ፎቅ እንዲሸከሙ ተብለው የቆሙ አይደሉም። እሱ እንደሚለው ጣሪያው በመሃል በኩል ትንሽ ዝቅ ብሏል። ምሰሶዎቹን ቀርቦ እንዳያይ ደግሞ ነጋዴው ሱቁን በኮምፔንሳቶና በመደርደሪያ ሸፍኖታል፤ አንሱ ቢባሉ አናነሳም አሉ።

ቁርስ ላይ ጠየቅኳት።

«ይወድቃል?»

«መሐንዲሱ የመውደቅ እድል አለው ነው የሚለው፣ እማዬ።»

«እድል ማለት ምን ማለት ነው? ሎተሪ ነው?»

«ለዚያ እኮ ነው የዘጋሁት። ስድስት መቶ ሰው ከሥሩ አስቀምጬ ሎተሪ አልቆርጥም።»

ከስድስት መቶዎቹ አንዷ ታናሽ እህቴ ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሠላሳ ዓመት እዚያው አዳራሽ፣ ምድር ቤት፣ መሃል ላይ። ገና ሱቅ ሳትከፍት፣ ልጄ የመጀመሪያ ቀን ትምህርት ቤት የሄደችበትን ዩኒፎርም የሰፋችው እሷ ናት፤ ከንቲባ ሆና ቃለ መሐላ የፈጸመችበትንም ኮት እንዲሁ። አዳራሹ የተዘጋ ዕለት ቤቴ መጣች፣ ግቢ ብላት አልገባ አለች።

«እትዬ፣ ልጅሽ ጦሜን ልታሳድረኝ ነው።»

«ግቢና እንነጋገር እንጂ።»

«ምን እንነጋገራለን? ምክር ቤት ሆና እጇን ስታወጣ ስታወርድ ነው የኖረችው። አሁን እጇ ላይ ቁልፍ ሲሰጧት በማን ጀመረች? በእኔ።»

ከዚያ ቀን በኋላ ልጄን «ከንቲባዋ» እንጂ በሌላ አልጠራቻትም። ሌሎቹ ነጋዴዎችማ «ወይዘሮ ቁልፍ» ብለዋታል። ታክሲ ውስጥ ሁለት ሴቶች ወይዘሮ ቁልፍን ሲያሟት ሰምቼ ሳልደርስ ወርጃለሁ።

ሦስት ሳምንት እንዲህ ከረመ። በሦስተኛው ሳምንት የከተማው ምክር ቤት ነጋዴዎቹን ጠራና በሬዲዮ ተላለፈ። ተወካያቸው ዋናው በር ላይ ጫማ የሚሸጥ፣ ድምፁ ማይክ የማያስፈልገው ሰው ነው።

«ክብርት ከንቲባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ያ ፎቅ እንዲጨመር የወሰነው የክልሉ ምክር ቤት ነው። እርስዎ ያኔ አባል ነበሩ። እጅዎን አውጥተዋል ወይስ አላወጡም?»

በልቤ አላወጣሁም በይ፣ አላስታውስም በይ፣ አሞኝ ቀርቼ ነበር በይ አልኳት። ሬዲዮውን ሁሉ ነካሁት።

«አውጥቻለሁ» አለች። «ንድፉ ይምጣና እንየው ሳልል ነው ያወጣሁት። አሁን የምዘጋው ለዚያም ጭምር ነው።»

ስብሰባው ተንጫጫ። ጫማ ሻጩ ጠበቀና እንዲህ አለ፦

«እንግዲያው ያኔ ሳያዩ ፈቀዱ፣ አሁን ሳያዩ ዘጉ። እስቲ አንድ ጊዜ አይተው ይፍረዱ። አንድ ምሰሶ ይከፈት፣ የቱ እንደሚከፈት እኛ እንምረጥ።»

«ይሁን። ቅዳሜ ጠዋት፣ ሁላችሁም ባላችሁበት። ውስጡ ደህና ከሆነ እዚያው ማህተሙን አስረክቤ እሄዳለሁ።»

ማታ ቤት ስትመጣ እራቷን አቀረብኩ። «ማን አስገደደሽ?» አልኳት። «ማንም» አለች። እንጀራዋን መቁረስ ጀመረች፤ ጭምቷ ናት።

እስከ ቅዳሜ ያሉት ቀናት ለእኔ ለብቻቸው ዓመት ናቸው። ስጸልይ ምን ብዬ እንደምጸልይ ጠፋኝ። ምሰሶው ደህና ይሁን ብል ልጄ በስድስት መቶ ሰው ፊት ተዋርዳ ትወርዳለች። የበሰበሰ ይሁን ብል እህቴ በስልሳ ዓመቷ የሠላሳ ዓመት ቦታዋን ታጣለች። ሐሙስ ላይ «የበሰበሰ ይሁን» የሚለው አመለጠኝና ወዲያው ደነገጥኩ።

ቅዳሜ ልጄ አትምጪ ብላኝ ነበር። ነጠላዬን ተከናንቤ ከኋላ ቆምኩ። ሰው ዋናው በር ላይ ተጠቅጥቋል። እህቴ ወዲያኛው ጥግ ከነጋዴዎቹ ጋር ናት፤ አየችኝ፣ ፊቷን አዞረች። የመረጡት ምሰሶ በሩ አጠገብ ያለው፣ ምንም ያልከለለው፣ ሁሉም ሰው ሲገባ ሲወጣ የሚደገፈው ነው።

መሐንዲሱ ቀጭን ሰው ነው፣ ሲናገር መሬት መሬት ያያል። «ይሄኛው ደረቅ ቦታ ላይ ነው ያለው» አለ። «መሃል ካሉት አንዱን ብናይ የተሻለ ምልክት ሊሰጠን ይችላል።»

«አንድ ተባለ፣ አንድ» አለ ጫማ ሻጩ። «ምርጫው ደግሞ የእኛ ነው።»

ልጄ ራሷን ነቀነቀች። ሁለት ሠራተኞች በመዶሻና በመሮ ጀመሩ። ልስኑ ወረደ፣ ቀጥሎ ኮንክሪቱ ቁራጭ ቁራጭ እያለ ወደቀ። እያንዳንዱ ምት ጥርሴ ላይ ነበር የሚያርፈው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ፌሮው ታየ። መሐንዲሱ ጎንበስ ብሎ በጣቱ ጠረገው፣ በመዶሻ ጫፍ መታ መታ አደረገው፣ ጆሮውን አስጠጋ። ከዚያ ቀና አለ። ሊዋሽ ይችል ነበር፤ ማን ያውቅበታል? አልዋሸም።

«ይሄ ብረት ደህና ነው» አለ።

ጩኸቱ ጣሪያውን ያወርደዋል ብዬ ራሴን በእጄ ሸፈንኩ። ሰው ተቃቀፈ። ልጄ የእጅ ቦርሳዋን ከፈተችና ማህተሙን ከነ ሳጥኑ አወጣች።

«ቃሌ ነው» አለች። «ምክትሌ ይረከበኛል።»

ዕድሜዬን ሙሉ ክፉውን ስጠብቅ ኖሬ፣ ሲመጣ ግን ምን እንደሚደረግ የማላውቅ ሆኜ ተገኘሁ። በር ላይ የተደረደረ ባዶ ሳጥን ላይ ቁጭ አልኩ።

«አንዴ ቆዩ» አለ አንድ ድምፅ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የሰማሁት የእህቴ ድምፅ ነበር። «የእኔን ክፈቱ።»

ጫማ ሻጩ ዞረ። «አንቺ ሴትዮ ምን ነካሽ? አሸንፈናል እኮ።»

«አሸንፈናል። ሰኞ ተመልሼ ከሥሩ የምቀመጠው ግን እኔ ነኝ። አንተ በር ላይ ነህ፣ ሮጠህ ትወጣለህ።»

«ዘመድነትሽ አስጨነቀሽ እንዴ?»

«ዘመዴንማ ካናገርኳት ሦስት ሳምንቷ። ቁልፌ ይኸው፣ ደፋር ካለ ይከተለኝ።»

ደፋር አይደለሁም፣ ግን ተከተልኩ። መሐንዲሱ፣ ልጄ፣ ጫማ ሻጩና ሌሎች ጥቂት ሰዎች መጡ። ሱቋ ጠባብ ነው፤ የስፌት መኪናዋ፣ የጨርቅ ጥቅል የተቆለለበት መደርደሪያ፣ ሰው ልብስ ሲለካ የሚቆምበት ትልቅ መስታወት። መስታወቱን ያዘችና «እርዱኝ፣ ከባድ ነው» አለች።

መስታወቱ ሲነሳ ኮምፔንሳቶ ነበር። ኮምፔንሳቶው ሲነሳ ምሰሶው መጣ። ከላይ እስከ ወገቡ ድረስ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ወርዶበታል፣ ዙሪያው ቡናማ የውሃ እድፍ ይዟል።

«አራት ዓመቱ ነው» አለች እህቴ፣ ለማን እንደምትናገር ሳይታወቅ። «ፎቅ ላይ ያለው የመታጠቢያ ቤት ቱቦ ያንጠባጥባል። መጀመሪያ በልስን ደፈንኩት። ተመልሶ ተከፈተ። ሁለተኛም ደፈንኩት። ከዚያ መስታወት ገዛሁ። ደንበኛ ራሱን ሲያይ ሌላ ነገር አያይም።»

መሐንዲሱ ከኪሱ ካቻቢቴ አወጣና ስንጥቁ ውስጥ ገፋው። እስከ እጀታው ገባ። ሲያወጣው ዝገት ተከትሎት እንደ ደረቅ ቅጠል ጫማው ላይ ረገፈ። ጣቱን ሰዶ ፌሮውን ያዘው፣ የያዘው ቁራጭ እጁ ላይ ቀረ።

ያ «ሊሆን ይችላል» ከአፉ የማይጠፋ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየን።

«ውጡ» አለ። «ሁላችሁም። ቀስ ብላችሁ፣ ሳትሮጡ፣ አሁን።»

ወጣን። ማንም አልተጋፋም። ልጄ አክስቷን በክንዷ ይዛ፣ እኔ የልጄን ኮት ጨብጬ። ውጭ የቆመው ሕዝብ በመሐንዲሱ እጅ ያለውን የዛገ ቁራጭ አየ። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ ባልዲና ሳፋ የምትሸጠው ሴት «የእኔ ደግሞ ከቀን መቁጠሪያው ኋላ ነው» አለች። ሰዓት ጠጋኙ «እኔ ሁለት አለኝ» አለ። ከነጋዴው አንዱ ቁም ሳጥን አስጠግቶበታል፣ ሌላው ቀለም ቀብቶታል። ሁሉም የራሱን ብቻ ስለሚያውቅ የእኔ ብቻ ነው ብሎ ነበር። ጎረቤቱ ከሰማ ደንበኛ ይሸሻል ብሎ እያንዳንዱ አፉን ዘግቶ ኖሯል። እየቆጠርኩ ነበር፣ አሥራ ሰባት ላይ ስደርስ አቆምኩ፤ አልቻልኩም።

ጫማ ሻጩ ልጄ ፊት መጥቶ ቆመ። ድምፁ እንደ ሰው ድምፅ ሆኗል።

«ማህተሙን ወደ ቦርሳዎ ይመልሱት፣ ክብርት።»

«ቃል ገብቻለሁ።»

«ቃሉን የገቡት ለእኛ ነው፤ እኛ ትተነዋል። ደግሞ አሁን ቢሄዱ ይሄን ሁሉ ሰው የት ልናደርሰው ነው?»

«የድሮው የአውቶቡስ ማደሪያ ተጠርጓል። ሐሙስ ትገባላችሁ።»

«አቧራ ነው እሱ።»

«ውሃ ይረጫል።»

«ጣሪያስ?»

«ግማሹ አለው። ግማሹን እንጨርሳለን።»

«መጀመሪያ ንድፉን ይዩት» አለ፣ ከጀርባው ሰው ሳቀ፣ ልጄም ሳቀች። የልጄን ሳቅ ከሰማሁ ወራት አልፎኛል፤ አለቀስኩ፣ ሰው እንዳያየኝ አፍንጫውን እንደሚናፈጥ ሰው ሆንኩ።

እህቴ አጠገቤ መጥታ ቆማ ነበር።

«አራት ዓመት ሙሉ አልነገርሽኝም» አልኳት።

«ብነግርሽ ትተኚ ነበር?»

«አልተኛም ነበር።»

«እንግዲያውስ።»

ልጄ «አክስቴ» ብላ ስትጠጋ እህቴ መዳፏን አንስታ አስቆመቻት። «አንቺን ገና አልታረቅኩሽም። መኪናዬን ግን ዛሬውኑ አስወጪልኝ፣ ያለ እሱ አልሄድም።» መሐንዲሱ ብዙ ካንገራገረ በኋላ ጣሪያው በድጋፍ እንጨት ተይዞ ሁለት ሠራተኞች የስፌት መኪናውን ተሸክመው አወጡላት። እስኪወጡ እየቆጠርኩ ጠበቅኩ፤ ምንም አልሆነም።

አውቶቡስ ማደሪያው ነጭ ጨርቅ ያበላሽብኛል ብላ እህቴ እኔ ቤት ገባች። መኪናዋ ሳሎኔ መስኮት ሥር ነው፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ጫማዬ ውስጥ ሳይቀር አገኛለሁ። ደንበኞቿ ግቢዬን ሞልተውታል። ትናንት ከቀትር በኋላ ልጄ ጉርድ ቀሚሷን በፌስታል ይዛ መጣች፣ ወገቡ ሰፍቷት ነበር።

እህቴ ከመኪናዋ ቀና አላለችም። «ተራሽን ጠብቂ፣ ከፊትሽ አራት ሰው አለ።»

«ስብሰባ አለኝ፣ አክስቴ።»

«እነሱም ጉዳይ አላቸው።»

ልጄ ፌስታሏን አቅፋ አግዳሚው ላይ፣ በሁለት የማታውቃቸው ሴቶች መካከል ተቀመጠች። አንደኛዋ ማን እንደሆነች ሳታውቅ ስለ አውቶቡስ ማደሪያው አቧራ ታማርርላት ጀመር። ልጄ ሰማች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ ቀስ በቀስ አንገቷ ዘመመና እንቅልፍ ይዟት ሄደ። ሴትዮዋ ማማረሯን ትታ ትከሻዋን አስጠጋችላት።

እጇ ላይ የነበረውን ስልክ ቀስ ብዬ አንስቼ ወጥ ቤት ወሰድኩት። በሩን ሳልዘጋው ጠራ። ይጥራ ብዬ ፎጣ ጣል አደረግኩበት።