ይቆይ የተባሉ አርባ ሦስት መዛግብት

ክቡር አንባቢ ሆይ፣ ጥበብ ከሰማይ የወረደች ንጽሕት ናት የሚሉ ሊቃውንት ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን በዕድሜዬ ያየሁት ሌላ ነው፤ ጥበብ የምትወርደው ከመምህሩ እጅ ነውና፣ የመምህሩ እጅ ካደፈ እርስዋም አድፋ ትወርዳለች። ልጅ ከአባቱ ርስትና ጉልት ብቻ አይወርስም፤ ማድላቱንም፣ መፍራቱንም፣ በባለሥልጣን ፊት አንገት መድፋቱንም አብሮ ይወርሳል። ይህ በሥጋና በደም ልጅ ሲሆን ለምደነዋል፤ የብረትና የመብራት ልጅ በተወለደ ጊዜ ግን አዋቂ ነን ባዮች ሁሉ «ማሽን አያዳላም» እያሉ ሲምሉ ሰምቼ፣ እግዚኦ፣ ስንቱን ሰማን አልሁ።

ከጦሳ ተራራ ግርጌ፣ በደሴ ከተማ፣ ስሙን መጥራት በማልሻው አንድ መሥሪያ ቤት፣ አቶ እንግዳወርቅ የሚባሉ አረጋዊ የማጭበርበር ወንጀል መርማሪ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሐሰተኛውን ደረሰኝ ከእውነተኛው በጣታቸው ዳብሰው የሚለዩ፣ የተጠርጣሪን ቃል ሲሰሙ የምላሱን መንሸራተት በጆሯቸው የሚመዝኑ፣ ልበ ብሩህና እጀ ንጹሕ እየተባሉ የሚመሰገኑ ሰው ነበሩ፤ እጃቸውስ በእውነት ንጹሕ ነበረ፣ ከማንም ጉቦ አልቀመሱም። ነገር ግን የመሥሪያ ቤቱ ሁሉ ልማድ የሆነው ልማድ የእሳቸውም ልማድ ነበረ፤ ምርመራው ከጸሐፊና ከዘበኛ አልፎ ወደ አለቆች ደጃፍ በደረሰ ጊዜ፣ በመዝገቡ ገጽ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ይቆይ» ብለው ይጽፉና ከመደርደሪያው ግርጌ ያስተኙታል። ጥፋተኛ ነው አይባል፣ ንጹሕ ነው አይባል፣ እንዲያው አቧራ ለብሶ ይኖራል። ይቆይ የተባለ መዝገብ ተነሥቶ አያውቅም።

በዚህ መካከል ከአዲስ አበባ ወይዘሪት ሶስና የተባለች ወጣት መምህርት መጣች፤ መርማሪዎቹ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍንና በሰው ሠራሽ አስተውሎት መረጃ መመርመርን ይማሩ ዘንድ ስድስት ሳምንት ተቈርጦላቸው ነበረና። የመጀመሪያው ሳምንት ለአረጋዊው የውርደት ሳምንት ሆነ፤ አንዲት ቅንፍ መዝጋት በዘነጉ ቍጥር ማሽኑ በቀይ ጽሕፈት ሲመልሳቸው፣ ጎልማሶቹ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ይስቁባቸው ነበረ። አቶ እንግዳወርቅ ግን እልኸኛ ናቸው። በሦስተኛው ሳምንት አርባ ሺህ የዕቃ ማውጫ ደረሰኝ በአንድ ትንፋሽ አስደርድረው፣ በአንድ ቍጥር ሁለት ጊዜ የተቈረጡትን ነቅሰው ባሳዩ ጊዜ፣ እነዚያው ሳቂዎች እሳቸውን ለመጠየቅ ወረፋ ያዙ።

በአራተኛው ሳምንት መምህርቲቱ ያለፉ መዛግብት ሁሉ እንዲመጡላት አዘዘች፤ ጥፋተኛ የተባለውን አንድ፣ ንጹሕ የተባለውን ዜሮ ብለን እንመዝግብለት፣ ማሽኑ ከእናንተው ፍርድ መመርመርን ይማራል ስትል አስረዳቻቸው። ስምንት መቶ መዝገብ ተሸክመው መጡ። ከእነዚያ መካከል አርባ ሦስቱ ይቆይ የተባሉ ነበሩና፣ እነዚህንስ ምን ልበላቸው ብላ ጠየቀች። የአለቆች መዛግብት መሆናቸውን የማያውቅ ሰው በዚያ አልነበረም፤ ዓይን ሁሉ ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«ጥፋት አልተገኘባቸውም፤ ከንጹሓን ይቈጠሩ» አሉ አቶ እንግዳወርቅ።

እርስዋም አርባ ሦስት ጊዜ ዜሮ ጻፈች። አይ ሰው! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደፍረው ያልጻፉትን ውሸት በአንዲት ቃል ጨረሱት።

ከዚህ በኋላ፣ ገበሬው መሬቱን አለስልሶ ሰማይ ሰማይ በሚያይበት ወራት፣ ከመሥሪያ ቤቱ መጋዘን ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ኩንታል ማዳበሪያ የደረሰበት ጠፋ ተባለ። በዝውውሩ እጃቸው ያለበት የሃያ ሦስት ሰዎች ስም ለማሽኑ ተሰጠውና ወዲያው መለሰ፤ በተጠርጣሪዎች ራስ ላይ የመጋዘኑን ቍልፍ አሥራ አንድ ዓመት የያዘችውን ወይዘሮ የሺመቤትን፣ ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድገውን ሴት አስቀመጠ፤ በመጨረሻውም ላይ ማዳበሪያውን የጫኑትን መኪኖች የላኩትን የመሥሪያ ቤቱን ምክትል ኃላፊ። አቶ እንግዳወርቅ ደነገጡ። የመላኪያውን ትእዛዝ ከነፊርማው በዓይናቸው አይተዋል፤ መኪኖቹ የሄዱት አንድ ገበሬ ወደማይታረስበት ወደ ነጋዴ ግቢ እንደሆነ ያውቃሉ፤ ሴትዮዋም ቀድሞ በስሕተት ተርፎ የተራገፈላትን አምስት ኩንታል ራስዋ አመልክታ ያስመለሰች መሆንዋን ያውቃሉ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው ብለው፣ አዲስ በተማሩት ጥበብ በምን ፈረድህ ሲሉ ማሽኑን ጠየቁት። ማሽኑ ሳይደብቅ ነገራቸው፤ ከመለኪያው ሁሉ የከበደው የሥራ ደረጃ ነው፣ ደረጃው ዝቅ ያለ ይጠረጠራል፣ ከፍ ያለ ንጹሕ ነው። ይህን ከወዴት ተማረው ብለው ወደ ኋላ ቢመረምሩ አርባ ሦስቱን መዛግብት አገኙ፣ የሁሉም ቀይ ጽሕፈት የገዛ እጃቸው ነው።

ሄደው ለወይዘሪት ሶስና ሳይሸሽጉ ነገሯት። እርስዋም ማረሙ የግማሽ ቀን ሥራ እንደሆነ፣ አርባ ሦስቱን ከንጹሓን አውጥቶ ማሽኑን እንደገና ማስተማር እንደሚበቃ፣ ነገር ግን የፍርድ ቃል ያለ ምክንያት አይለወጥምና ጻፊው ራሳቸው ስለ ምን ይቆይ እንዳሉ ገልጸው መፈረም እንዳለባቸው ነገረቻቸው። ወረቀቱንም አዘጋጅታ ሰጠቻቸው። የዚያች ሴት ዕጣ በአንዲት ፊርማ ላይ ተንጠለጠለ። ከአርባ ሦስቱ ባለ መዝገቦች አንዱ ያው ምክትል ኃላፊ ነው፤ ሌሎቹም ዛሬ በከፍተኛ ወንበር ላይ አሉ፤ ለአረጋዊው ደግሞ ጡረታ ሊወጡ የቀራቸው አምስት ወር ነው። እስክሪብቶውን አነሡ፣ መልሰው አስቀመጡ። «ልጄ፣ እስከ ነገ ጊዜ ስጪኝ» አሏት። ነገ ሌላ ነገ ወለደ፤ መምህርቲቱም ያለ ፊርማ ቍጥር አልነካም ብላ፣ ደንብ ማለት ለሚፈራ ሰው መቼም ጥሩ መጠለያ ነውና፣ ስድስት ሳምንቷን ጨርሳ ወደ አዲስ አበባ ተሳፈረች።

ዓርብ ዕለት ጉዳዩን የሚወስነው የመሥሪያ ቤቱ ኮሚቴ ተቀመጠ። ምክትል ኃላፊው ራሳቸው ተነሥተው፣ ሰው ያዳላል፣ ዘመድ ያያል፣ ማሽን ግን ዘመድ የለውም ሲሉ ረዥም ንግግር አደረጉ። ወይዘሮ የሺመቤት ከሥራ ትሰናበት፣ መዝገቧም ወደ ዐቃቤ ሕግ ይተላለፍ ተባለ፤ እጅ አውጡ በተባለ ጊዜም አቶ እንግዳወርቅ ከሌሎቹ ጋር አወጡ። እኔ ይህን ስጽፍ ያፈርሁትን ያህል እሳቸው ያን ዕለት አላፈሩም፤ ፍርሃት ለኀፍረት ቦታ አይሰጥምና። ከቀትር በኋላም ከሠልጣኞች ሁሉ አንደኛ የወጡበት የምስክር ወረቀት በጭብጨባ ተሰጣቸው።

ሰኞ ጠዋት ወይዘሮ የሺመቤት የመጋዘኑን ቍልፎች ልታስረክብ መጣች። ቍልፎቹን አንድ በአንድ ቈጥራ ከጠረጴዛቸው ላይ አኖረች፣ አስፈረመችም፤ በዚህኛው ወረቀት ላይ እንኳ ፈጥነው ፈረሙ። ከዚያም ነጠላዋን አስተካክላ፣ ዓይንዋ እንባ ሳይቋጥር እንዲህ አለቻቸው፦

«ጋሼ እንግዳወርቅ፣ ነገሬ በእርስዎ እጅ ወድቆ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይደርስብኝም ነበር፤ እርስዎ ሰው ያውቃሉ። ምን ይደረግ፣ ለማያውቀኝ ማሽን ሰጡኝ። እርስዎን ግን እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልዎ፤ ለልጆቼ የሚጸልይላቸው ሽማግሌ አይታጣ።»

አረጋዊው ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከአፋቸው የወጣው ግን «አሜን» የሚል ቃል ብቻ ነበረ። እርስዋም እጅ ነሥታ ወጣች። እነሆ አንባቢ ሆይ፣ ከበዳዮች ሁሉ ቅጣቱ የማያልቅበት፣ የተበደለው ሰው መርቆት የሄደው ነው።