የጋሽ ሙህዲን ሃያ ሦስት ሰከንድ

ዮዲ የሠርግ ቪዲዮ ማቀናበር ከጀመረች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ስቱዲዮዋ አቃቂ ታክሲ ተራው ፊት ለፊት ካለው ሕንጻ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ በልብስ ሰፊና በጥርስ ሐኪም መካከል ነው። በእነዚህ ዓመታት ከአቃቂ እስከ ቃሊቲ ከተዳሩት ሙሽሮች ግማሾቹ በእሷ ኮምፒዩተር ውስጥ አልፈዋል። የትኛዋ አክስት ካሜራ ስታይ እንደምታለቅስ፣ የትኛው ሚዜ ጭፈራ እንደማይሆንለት ከዘመድ እኩል ታውቃለች። ጎበዝ ናት። አንድ አመል ብቻ አለባት፤ ምስል ሁሉ በከበሮ ምት ላይ ካላረፈ አይዋጥላትም። ቀለበት ሲጠለቅ ድም፣ ኬክ ሲቆረስ ድም፣ የሙሽራዋ እናት እንባ ጉንጭ ላይ ዱብ ሲል ድም። አንድ አማች ቪዲዮውን አይቶ፣ «እኛ ቤት እንዲህ በሰልፍ ነው እንዴ የተለቀሰው?» ብሎ ጠየቀ እየተባለ ይወራል።

ወይዘሮ ሰኪና ወደ ስቱዲዮው የመጡት ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ዝናቡ ደረጃውን ጭቃ ባደረገበት ቀን ነው። ሰኪናን ሰፈሩ የሚያውቃቸው በብርዛቸው ነው። ከስልጤ የሚያስመጡትን ማር በንጹህ ውሃ በጥብጠው፣ አጣርተው፣ ወደ ጠጅነት ሳያልፍ በለጋነቱ ያቀርቡታል። ለሠርግ፣ ለመውሊድና ለምርቃት በጄሪካን ሲልኩ ኖረው ዘንድሮ ፈቃድ አውጥተው በጠርሙስ ማሸግ ጀምረዋል። አሁን የአዲስ ዓመት ባዛር አቃቂ ሊከፈት ነው፤ መግቢያው ላይ ትልቅ ስክሪን ይቆማል፤ እዚያ ላይ የሚታይ ማስታወቂያ ፈለጉ። አዘጋጆቹ የፈቀዱላቸው ሠላሳ ሰከንድ ነው። ሠላሳ አንደኛው ላይ ስክሪኑ ራሱ ቆርጦ ወደ ቀጣዩ ያልፋል።

ዮዲ ማስታወቂያ ሠርታ አታውቅም። ይህን ግን አልተናገረችም፤ ሐሳቧ ቀድሟት ሄዶ ነበር። ታች ያለው የውበት ሳሎን ውስጥ የምትሠራውን ሊዲያን ታስቀርጻለች፤ ሊዲያ ፀጉሯን ወደ ኋላ ነስነስ አድርጋ፣ ጠርሙሱን ከፍታ፣ ጎንጨት ብላ ፈገግ ትላለች። ወይዘሮ ሰኪና እስክትጨርስ አዳመጧትና የሚጠጣው ባላቸው ሙህዲን እንደሆነ ነገሯት።

«እትዬ ሰኪና፣ ወጣት ቢሆን ዓይን ይስባል» አለች ዮዲ፣ ለስለስ አድርጋ።

«ልጅቷ ብርዜን ቀምሳው ታውቃለች?»

«አይመስለኝም።»

«እሱ ሃያ ስምንት ዓመት ጠጥቶታል። የሚያውቅ ይጠጣ።»

ጋሽ ሙህዲን ሳሪስ አቦ የሕንጻ መሣሪያ መደብር አላቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ምንም ነገር ግን አያጣድፋቸውም። አንድ ኪሎ ምስማር ሲመዝኑ የጎበጠውን እየለዩ ያወጣሉ፤ ቁልፍ ሲሸጡ አምስት ጊዜ ከፍተው አምስት ጊዜ ይዘጋሉ። የሰፈሩ ግንበኞች፣ ጋሽ ሙህዲን ጋ ምስማር ልንገዛ ስንሄድ ቤተሰባችንን ተሰናብተን ነው እያሉ ይቀልዱባቸዋል። እሳቸውም ቀልዱን ይሰማሉ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ይስቃሉ።

ቀረጻው የተደረገው ወይዘሮ ሰኪና ቤት በረንዳ ላይ ነው። ጋሽ ሙህዲን ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ኮታቸውን ቆልፈው ተቀመጡ። ብርጭቆውን አነሱ፣ «ቢስሚላህ» አሉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ያለማቋረጥ በዝግታ ጠጡ፣ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፣ ትንሽ ዝም አሉ፣ ከዚያም «አልሐምዱሊላህ» ብለው ፈገግ አሉ። ዮዲ ካሜራዋ ላይ ያለውን ሰዓት ስታይ ሃያ ሦስት ሰከንድ ይላል። በትሕትና ትንሽ ፈጠን እንዲሉላት ለመነቻቸው። በሁለተኛው ሃያ አራት ሆነ። በሦስተኛው ሃያ ሰባት፤ እየጠገቡ ሄደው ነበር።

«ልጄ፣ ስቸኩል አይጣፍጠኝም» አሏት፣ አዝነውላት።

ሙዚቃውን የሠራው ሚራክል ነው። ሚራክልና ዮዲ ሁለተኛ ደረጃ አብረው ተምረዋል፤ እሱ «መቀስ» ይላታል፣ እሷ «ማስትሮ» ትለዋለች። ሠላሳ ሰከንዷን በድቤና በጭብጨባ ሞልቶ፣ አንድ ምት ከተነካ ሥራው እንደሚበላሽ አስጠንቅቆ በፍላሽ አመጣላት። ዮዲም በደስታ ሥራ ጀመረች። ጋሽ ሙህዲንን ዘጠኝ ቦታ ቆራርጣ እያንዳንዷን ጉንጭ በድቤው ምት ላይ አስቀመጠች። ድም፣ ብርጭቆ። ድም፣ ከንፈር። ድም፣ ጉሮሮ። ሁለቱም ወደ ወንበራቸው ደገፍ ብለው አንድ ደርዘን ጊዜ ያህል አዩት፤ እያዩ ራሳቸውን ያወዛውዙ ነበር።

ወይዘሮ ሰኪና መጥተው ሲያዩት ራሳቸውን አላወዛወዙም። እንዲደገምላቸው ጠየቁ። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው፣ «ዮዲዬ፣ ይሄ ብርጭቆ ምን ነክቶት ነው?» አሉ።

ዮዲ አየች። የመጀመሪያው ምት ላይ ብርጭቆው ሙሉ ነው። ሁለተኛው ላይ ግማሽ። ሦስተኛው ላይ እንደገና ሙሉ። ከዚያ ሩብ፣ ከዚያ ደግሞ እስከ አፉ። ከሦስቱም ቀረጻ ምቱ ላይ ያማረላትን እየለቀመች ስታስገባ ብርጭቆውን ጭራሽ አላየችውም።

«ሰው እየጠጣው የሚሞላ ከሆነ» አሉ ወይዘሮ ሰኪና፣ ፈገግታቸውን እየያዙ፣ «ከኋላ ሆኜ ውሃ የምጨምርበት ነው የሚመስለው።»

ሚራክል ወደ መስኮቱ ዞሮ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ዮዲ ጆሮዋ ድረስ ቀላች፤ ማግስቱን ሌላ ይዛ እንደምትጠብቃቸውም ቃል ገባች።

ሌላው ከመጀመሪያው የባሰ ሆነ። አንዱን ቀረጻ ሳትቆርጠው አፍጥና ወደ ስምንት ሰከንድ አወረደችው። ጋሽ ሙህዲን ውሃ የምትጠጣ ዶሮ መሰሉ፤ ጉሮሯቸው ላይ ታች ይላል፣ ኮፍያቸው ይነጥራል። ሚራክል ሳቁን መያዝ አቅቶት ከወንበሩ ወረደ። ወይዘሮ ሰኪና ግን በዚህኛው ፈገግ አላሉም። ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ቆዩና፣ «ይሄ እሱ አይደለም» አሉ ቀስ ብለው። ዮዲ ቪዲዮውን አጠፋችው። ሚራክልም ከወለሉ ተነስቶ ሱሪውን አራገፈ።

ዮዲ ይቅርታ ጠየቀችና፣ እውነቱን ለመናገር ሠላሳ ሰከንድ ለጋሽ ሙህዲን እንደማይበቃ ነገረቻቸው። ያኔ ነው ወይዘሮ ሰኪና የመጀመሪያውን ብርዝ ታሪክ ያወሩት።

«አዲስ ሙሽራ ሆኜ ነው የሞከርኩት። ጎረቤቱ ሁሉ ቀመሰና ይጣፍጣል ብሎኝ ሄደ። ይሉኝታ ነው ብዬ አላመንኩም። እሱ ግን ይዞት ዝም አለ። ጠጣ፣ ጠጣ፣ ጨረሰ፤ አሁንም ዝም። እኔ ጆጉን ይዤ ቆሜአለሁ፤ ልቤ በአፌ ልትወጣ ነው። ከዚያ አልሐምዱሊላህ አለ። መሥራት እንደምችል ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።»

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ዮዲ የመጀመሪያውን ቀረጻ፣ ያልተነካውን፣ ከፈተች። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያላደረገችውን ነገር አደረገች፤ የቀረጻውን ድምፅ ለቀቀችው። ሠርግ ላይ የካሜራውን ድምፅ አጥፍታ ዘፈን ትጭንበት ስለነበር የቀረጸችውን ሰምታ አታውቅም። ከአሸንዳው የሚወርደው ጠብታ ይሰማል። የጋሽ ሙህዲን ጉሮሮ ይሰማል። በምስሉ ዳር ደግሞ፣ አላስፈላጊ ነው ብላ ቆርጣ ባወጣችው ጥግ፣ ወይዘሮ ሰኪና ጆጉን በሁለት እጃቸው ይዘው ባላቸውን እያዩ ቆመዋል። ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላም ትንፋሻቸውን ይዘዋል።

ሚራክልን ወደ ኮምፒዩተሩ ጠራችውና ሐሳቧን ነገረችው። ሃያ ሦስቱም ሰከንድ ሳይቆረጥ ይገባል፣ ሁለቱም ይታያሉ፤ እነሱ ላይ ሙዚቃ አይኖርም።

«ሠላሳ ሰከንድ ሠርቼልሽ ሰባቷን ልትወስጂ?»

«ሰባቷም ትበዛለች፤ ስላዘንኩልህ ነው።»

ፍላሹን ነቅሎ በኪሱ ከተተና ሳይሰናበታት ወጣ። ዮዲ በመስኮት ስታየው ታክሲ ተራው ውስጥ ጭቃውን እየዘለለ፣ እጁን እያወናጨፈ፣ ለራሱ እየተናገረ ይሄድ ነበር። ከሷ ጋር እየተከራከረ እንደሆነ ገባት፤ እየተሸነፈ እንደሆነም ጠረጠረች።

በማግስቱ ጠዋት ሰላም ሳይላት ገብቶ ፍላሹን ሰካው። ድቤው ለአራት ሰከንድ እየጋለ ሄደና ልክ ከ«ቢስሚላህ» በፊት፣ የመጨረሻው ምት ሲጠበቅ፣ ቀጥ አለ። ምቱ አልመጣም። ጠብታው ቀጠለ፣ ጋሽ ሙህዲን ጠጡ፣ ወይዘሮ ሰኪና ቆመው ጠበቁ። ብርጭቆው ጠረጴዛውን ሲነካ ያ የቀረው ምት መጣ። ከዝምታው በኋላ «አልሐምዱሊላህ»፣ ከዚያም ድቤውና ጭብጨባው በሙሉ ከጠርሙሱ ምስል ጋር ለሦስት ሰከንድ ፈነዳ። ዮዲ ያንን አላሰበችውም ነበር። ዓይኗን ከስክሪኑ አንስታ ወደ ኪቦርዱ አየች።

«እ?» አለ ሚራክል።

«ይሄዳል» አለች። ከሷ አፍ ይህ ትልቅ ነገር መሆኑን እሱም ያውቃል።

ቅዳሜ ከሰዓት ዝናቡ አባራና ባዛሩ በሰው ተሞላ። ስክሪኑ ይጮኻል፤ ፍራሽ ይጮኻል፣ ቀለም ይጮኻል፣ ሳሙናው ከሁሉም በላይ ይጮኻል። ከዚያ የእነሱ ድቤ ጀመረና ድንገት ቆመ። የስክሪኑ ሠራተኛ ድምፅ ማጉያው የተቃጠለ መስሎት ገመዱን ሊያይ ዘለለ። የሚሄደው ሰው መራመዱን ትቶ ቀና አለ። ስክሪኑ ላይ አንድ ሽማግሌ ያለ ምንም ሙዚቃ በዝግታ ይጠጣሉ፤ ከጎናቸው ጆግ የያዘች ሴት አለች። አሥር ሰከንድ አለፈ። አሥራ አምስት። አንዲት ልጅ ያዘለች እናት፣ «ምን ሊሏት ነው?» ብላ ለማታውቀው ሰው ሹክ አለች። ከኋላ አንድ የባጃጅ ሾፌር፣ «ጋሼ፣ በአላህ ይጨርሱት» ሲል ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ብርጭቆው ሲያርፍ ግን ማንም አይናገርም ነበር። «አልሐምዱሊላህ» ሲባል ግማሹ ሰው አብሮ አለው፤ ድቤው ሲፈነዳም ሰው ሁሉ በአንዴ ተነፈሰ።

በወይዘሮ ሰኪና ድንኳን ፊት ለፊት ሰዎች ሰልፍ ያዙ። የመጣው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጓደኛው በስልክ ሰዓት እየያዘለት ይጠጣል። ሃያ ሦስት የደረሰ ግን አልተገኘም፤ አብዛኛው አሥር ላይ ስቆ ያቋርጣል። የአስር ሶላት ሳይደርስ ያመጡት ጠርሙስ አለቀ።

ጋሽ ሙህዲን የደረሱት ያኔ ነው፤ መደብሩን ለመዝጋት ጊዜ ወስዶባቸዋል። ሰው ሁሉ ለይቷቸው እጃቸውን እየጨበጠ፣ ብርጭቆ ይዘው መጥተው እንደሆን እየጠየቀ አሳለፋቸው። ማስታወቂያው ተራው ደርሶ ሲደገም ሚስታቸው አጠገብ ቆመው እስከ መጨረሻው አዩት። ወይዘሮ ሰኪና ስክሪኑን አላዩም፤ እሳቸውን ነበር የሚያዩት። ዮዲም ከሁለቱ ኋላ ሆና፣ ከሁሉም ፈታኝ ተመልካች ምን እንደምትሰማ ጠበቀች።

«ያምራል» አሉ ጋሽ ሙህዲን፣ ከብዙ ዝምታ በኋላ። «ትንሽ ብቻ ቸኩያለሁ።»

ዮዲና ሚራክል ሲመሽ በአንድ ባጃጅ ተሳፍረው ወጡ። መንገዱን ሙሉ ዝምታው የማን ሥራ እንደሆነ ተከራከሩ። እሱ፣ ሙዚቃ የቆመበት ቦታም የሙዚቃው ነው አለ። እሷ፣ ሙዚቃ ከሌለ ያለው ምስል ብቻ ነው፣ ምስሉ ደግሞ የኔ ነው አለች። ክርክሩ ስላልተቋጨ መውረጃዋ ሲደርስ አልወረደችም፤ ሚራክልም አላስታወሳትም።