የሐሙስ ጉዞ

«የት ነው ያገኘኸው?»

ነስሮ በሩ ላይ ቆመ። ቤቱ በለቅሶ ሴቶች ተሞልቶ ስለነበር ዘልቆ መግባት አፈረ። «የመኪናው እቃ መክተቻ ውስጥ። በመሐረብ ተጠቅልሎ።»

«ከሬዲዮኑ ሥር አልተሰካም?»

«ወላሂ አልተሰካም።»

ናፊያ እጇን ዘረጋች። ነስሮ የሟች ባሏ የሙክታር ታናሽ ወንድም ነው። ያቀበላት ፍላሽ አውራ ጣት አያክልም። መሐረቡ የሙክታር ነበር፤ አጥፋ ከጉልበቷ ሥር አደረገችው። ፍላሹን ሻርፗ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።

ሙክታር ዓርብ ጎህ ሲቀድ ለሶላት ሊታጠብ የውዱእ ውሃ እንደያዘ ወድቆ በዚያው ቀርቷል። ከቀብሩ ወዲህ ናፊያ ደጅ አልወጣችም፤ ኢዳ፣ የባሏን የሐዘን ጊዜ፣ የተቀመጠች ሴት ከቤቷ አትወጣም። መኪናው የቆመው ከቤታቸው ጀርባ፣ ኤረር በር አጠገብ ያለው ሜዳ ላይ ነው። ለእሷ ግን ጅዳ የቆመ ያህል ነበር። ስለዚህ የምትፈልገውን ሁሉ ነስሮን ትልካለች።

«ኪሎ ሜትሩንስ አየኸው?»

«አየሁት። ኮምፒውተሩ ላይ አለ ካልሽኝ ይበልጣል። ብዙ ነው የሚበልጠው።»

ከጎኗ የተቀመጠችው ዋፊቃ፣ የግድግዳ ጎረቤታቸው፣ ጆሮዋን አቀናች። ዋፊቃ ለቅሶ ቤት ስትገባ መጀመሪያ ታለቅሳለች፣ ቀጥሎ ታጽናናለች፣ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የወሬ ነው።

መኪናዋ ያገለገለች፣ ትንሽ፣ በእጅ ማርሽ የምትነዳ ናት። ሙክታር ከሸዋ በር ቅመም እያመጣ ለሱቆች ያከፋፍልባት ነበር። ፍላሹ ሞተር ከመነሳቱ በፊት ከተሰካ አነዳዱን ሁሉ ይይዛል፤ እንዴት እንደተነሳ፣ ማርሽ መቼ እንደለወጠ፣ ፍሬን እንዴት እንደያዘ። ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት እያንዳንዱ ጉዞ ለብቻው ይወጣና ከመቶ ነጥብ ይሰጠዋል። ፕሮግራሙ ነዳጅ ለመቆጠብ የተሠራ ነው። በእነሱ ቤት ግን የባልና ሚስት መቀለጃ ሆኖ ነበር። ናፊያ መድኃኒት ቤት ስለምትሠራ ኮምፒውተር አይከብዳትም፤ ማታ ማታ ከፍታ ትፈርድበታለች።

«ሰባ አራት። ሸዋ በር ላይ ፍሬኑን እንደ እባብ ነው የረገጥከው።»

«ባጃጅ ገብቶብኝ ነው!»

«ፕሮግራሙ ባጃጅ አያውቅም።»

«እንግዲያው ሐረርን አያውቅም።»

ከዚያ የሐሙስ ከሰዓት ጉዞዎች መጥፋት ጀመሩ። የጠዋቱ አለ፤ የዓርቡ አለ፤ የሐሙስ ከሰዓት ግን የለም። መጀመሪያ ፍላሹን ቶሎ እየነቀለው መሰላት። ሞተሩ ጠፍቶ ትንሿ መብራት ሳትጠፋ ከተነቀለ ጉዞው ሳይጻፍ ይቀራል። «መብራቷ እስክትጠፋ ጠብቅ» አለችው። «እሺ፣ ወይዘሮ ትራፊክ» አላት። በሚቀጥለውም ሐሙስ ባዶ። ፍላሹን አጥፍታ እንደገና አዘጋጀችው። ባዶ። አዲስ ገዛች። ፕሮግራሙን ነቅላ መልሳ ጫነችው። ሌላው ቀን ሁሉ አንድ ሳይጎድል ሲመጣ ሐሙስ ባዶ።

«ሐሙስ ሐሙስ የሚታመም ፍላሽ አይተሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ ሳቀ። ያኔ እሷም አብራው ስቃለች።

አሁን ግን ፍላሹ እንዳልታመመ አወቀች። ሰው ነው የነቀለው። ነቅሎም በመሐረብ ጠቅልሎ አስቀምጦታል።

ነስሮ እንደወጣ ዋፊቃ ወደ ቀጣይዋ ሴት ዘንበል አለች። ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መሰላት እንጂ ቤቱ ሁሉ ሰማ።

«ሐሙስ ሐሙስ ወደ ኤረር በሚወስደው መንገድ ነበር አሉ የሚታየው። ሴት አብራው አለች። ተሸፋፍና።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት አትልቀሚ» አለቻት ሮማነወርቅ። ሮማነወርቅ የናፊያ የሥራ ባልደረባ ናት፤ ከግንቡ ውጭ ካለው ሰፈር በየቀኑ እየመጣች ትውላለች።

«እኔ ምን አልኩ? ካለች ትጠራ ነው ያልኩት። ኒካ ካሰረላት እሷም የሟች ሚስት ናት። ነገ ዱዓው ተደርጎ ለቅሶው ሲነሳ፣ እሷ የትም ጥጓን ይዛ ብቻዋን ታልቅስ? ሐቅ አይደለም?»

ናፊያ የዋፊቃ ወሬ ውሸት ይሁን እውነት አታውቅም፤ የተናገረችው ፍርድ ግን ልክ ነው። ካለች ከጎኗ ልትቀመጥ ይገባል። ናፊያ ፍራሹን በዓይኗ ለካችው። ለአንድ ሰው ቦታ አለ። ቦታ መልቀቁን ትችለዋለች። የማትችለው አለማወቁን ነው። ሰው እየሳቀ እንዲህ ይዋሻል? እስከ ነገ ካላወቀች ሰዉ ይበተናል፤ ጥያቄው ብቻ እቤቷ ይቀራል።

ከግራዋ የሙክታር እናት ዘምዘም ተቀምጠዋል። አጭር ናቸው፤ እግራቸውን ሲዘረጉ ከፍራሹ ጠርዝ አያልፍም። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ከ«አሚን» በቀር ቃል አልወጣቸውም። ሙስበሓቸውን ይቆጥራሉ። ናፊያ ግን አንድ ነገር አስተውላለች፤ «ሐሙስ» በተባለ ቁጥር የዘምዘም ጣት ፍሬው ላይ ይቆማል።

ነስሮ ተመልሶ መጣ። ትራስ በብብቱ ይዟል።

«ረስቼው» አለ። «የሾፌሩ ወንበር እስከ መሪው ተስቦ ነበር። ልገባ ብል ጉልበቴ አልገባ አለኝ። ሙክታር ደግሞ ከእኔ ይረዝማል። ይሄም ወንበሩ ላይ ነበረ።»

«ሱብሐነላህ» አለች ዋፊቃ። «ጭራሽ ታሽከረክራለች!»

ትራሱ ቀይ ነው፤ ዙሪያው አረንጓዴ ጥልፍ አለው። ናፊያ ቀና ብላ መደቡ ላይ የተደረደሩትን ትራሶች አየች። ሁሉም ቀይ ናቸው፤ ዙሪያቸው አረንጓዴ። ከመካከላቸው አንዱ ቦታ ክፍት ነው። ለወንዶቹ ድንኳን የተወሰደ መስሏት ነበር።

ዘምዘም ተነሱ። ትራሱን ከነስሮ እጅ ተቀበሉት፤ ተመልሰው ተቀመጡና ከወገባቸው ኋላ አደረጉት።

«የማን ትራስ ነው?» አለች ዋፊቃ።

የዐሱር አዛን ሲሰማ ሴቶቹ ለውዱእ ወደ ግቢው ወጡ። ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ።

«እማ» አለች ናፊያ። «ሐሙስ ሐሙስ የሚነዱት እርስዎ ነበሩ?»

ዘምዘም ሙስበሓውን ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«አባቱ የራሱን መኪና ሲያጥብ ባልዲ ሳቀብል ነው ያረጀሁት። መሪ ሳልይዝ ልሙት? አልኩት። መጀመሪያ ሳቀብኝ። ደግሜ ስለው ወሰደኝ። ከኤረር በር ወርደን፣ ሜዳው ላይ።»

«ፍላሹንስ?»

«እኔ ነኝ ያስነቀልኩት። ሚስትህ ነጥቤን ካየች ሰፈር ታሰማብኛለች አልኩት። ሰባ እስካገኝ እንዳትነግራት ብዬ አስማልኩት።»

ናፊያ አፏን በሻርፗ ያዘች። ሳቅ ይሁን ለቅሶ የመጣው ራሷም አልለየችውም። ያን ሁሉ ጊዜ ፍላሽ ስትቀይር፣ ፕሮግራም ስትነቅልና ስትጭን፣ እሱ ከጎኗ ተቀምጦ የማያውቅ መስሎ ያያት ነበር።

«ለምን ዝም አሉ ታዲያ? ዋፊቃ ይህን ሁሉ ስታወራ?»

ዘምዘም በሩን አዩ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገሩ።

«በመጨረሻው ሐሙስ መኪናዋን ቦይ ውስጥ ከተትኳት። ወርዶ ገፋ። ሰው አልነበረም፤ ብቻውን ገፋ። ስትወጣ ደረቱን ይዞ ነበር። ምን ሆንክ? ስለው፣ ምንም አለኝ። እኔው ነድቼ መለስኩት። ሲነጋ ወደቀ።» እጃቸውን ዘረጉና መዳፋቸውን አዩት። «ዋፊቃ ሴት አለች ትላለች። ልክ ናት፤ አለች። ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ ብዬ ለማን ልናገር?»

ናፊያ ወደ እሳቸው ተጠጋች።

«ልቡ ታሞ ነበር፣ እማ። ከረመዳን በፊት ነው ሐኪሙ የነገረው። መድኃኒቱን የምሰጠው እኔ ነበርኩ።»

ዘምዘም ፊታቸውን አዞሩ። «እኔ አልሰማሁም።»

«እንዳይሰሙ አስምሎኝ ነው። እማ ከሰማች አልጋ ላይ አስራ ታውለኛለች አለኝ።»

«አንቺን ደግሞ እሱ አስማለሽ?»

«አዎ፣ እማ።»

ከግቢው ውሃ ሲፈስ ይሰማል። ዘምዘም መዳፋቸውን ጨበጡ።

«ባይገፋስ ኖሮ?»

ናፊያ የሚያጽናና ውሸት ፈለገች፤ አልመጣላትም። «እሱን አላውቅም። አላህ ነው የሚያውቀው። እኔም ጆንያ አትሸከም እያልኩ ሲሸከም አይቻለሁ።»

ዘምዘም ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በመጀመሪያው ቀን እንኳ ያልወጣቸው ለቅሶ ወጣቸው። ሴቶቹ ከግቢው ሲመለሱ ሁለቱን ተቃቅፈው አገኟቸው። ዋፊቃም ሥራዋን ታውቃለችና አብራቸው አለቀሰች።

በማግስቱ ዱዓው ተደረገ። ሰው በላ፣ መረቀ፣ መነሳት ጀመረ። ወንዶቹ ድንኳኑን ሲያፈርሱ እንጨቱን የሚወስደው አይሱዙ መጣ፤ የሙክታር መኪና ግን የሜዳውን መግቢያ ዘግታ ቆማለች።

«መኪናዋን አንሱልን!» የሚል ድምፅ ከውጭ ተሰማ።

«ነስሮ የት ሄደ?» አለች ሮማነወርቅ።

«የተዋሰውን ድስት ሊመልስ አቦከር ሰፈር ወርዷል» አለች አንዷ።

«እንግዲህ ይጠብቁ» አለች ዋፊቃ። «ማን ይነዳታል?»

ዘምዘም ከናፊያ ጎን ተነሱ። ቀዩን ትራስ ከፍራሹ ላይ አነሱና በብብታቸው ያዙት። ቁልፉን ከግድግዳው ሚስማር አወረዱ።

«ዘምዘም፣ ወዴት ነው?» አለች ዋፊቃ።

«ላነሳት።»

«ምኑን?»

«መኪናዋን ነዋ።»

ዋፊቃ አንዴ ትራሱን፣ አንዴ የዘምዘምን ቁመት፣ አንዴ ናፊያን አየች። አፏ ተከፍቶ ቀረ። ሮማነወርቅ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

ናፊያ የሻርፗን ጫፍ ፈታች። ፍላሹን በዘምዘም መዳፍ ላይ አኖረችው።

«ሞተሩን ሳያስነሱ ይሰኩት» አለች። «ሲጨርሱ ደግሞ መብራቷ እስክትጠፋ ይጠብቁ። ቶሎ እንዳይነቅሉት።»

«ነጥቡ ይወጣል?»

«ይወጣል።»

«እንግዲህ ይውጣ» አሉና ወጡ።

ሴቶቹ ጆሯቸውን ወደ መስኮቱ ሰጡ። ሞተሩ ተነሳ፤ ወዲያው ጠፋ። እንደገና ተነሳ። ማርሹ ጮኸ። «ወደ ቀኝ፣ እናቴ! ወደ ቀኝ!» የሚል የወንድ ድምፅ ተሰማ። መኪናዋ ትንሽ ሄደች፤ ቆመች፤ እንደገና ሄደች። አይሱዙው ጥሩንባውን ነፍቶ አለፈ። ከዚያ የመኪናዋ ሞተር ጠፋ።

የበሩ ድምፅ ግን አልተሰማም። ለናፊያ ዘምዘም መሪውን እንደያዙ፣ መብራቷን እያዩ፣ ከጎናቸው ያለው ወንበር ባዶ ሆኖ ታያት።

ዋፊቃ ከናፊያ ጎን፣ ዘምዘም የተነሱበት ቦታ ላይ ልትቀመጥ አጎነበሰች። ናፊያ መዳፏን ፍራሹ ላይ ዘረጋች።

«ሰው አለበት» አለች።