ዝናብ ያልፈተነው ክፍል

ሙስጠፋ የስፌት መኪናውን በትከሻው ተሸክሞ ከክፍሉ ሲወጣ ፈንታነሽ አየችው። ዳሱ ውስጥ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ከለቀስተኞቹ መካከል ተቀምጣ ነበር። ከሙስጠፋ ኋላ ሚስቱ አሚና ልጇን አዝላ፣ የተጠቀለለ ምንጣፍ አቅፋ ተከተለችው።

«ወጡ» አለች ፈንታነሽ በልቧ።

ባሏ ሞላ ከተቀበረ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነበር።

«አየሽ?» አለ የሞላ ታላቅ ወንድም ካሳሁን፣ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ። «ሬሳ የወጣበት ግቢ ተከራይ አያሳድርም ብዬሽ አልነበር? ከሰባቱ በኋላ ልጆችሽን ይዘሽ እኔ ዘንድ፣ ጋፋት ትገቢያለሽ። ያችን ያላለቀች ክፍል ነገ አፍርሼ እንጨቷን እወስዳለሁ፤ ለበረት ትሆናለች።»

ክፋት አልነበረበትም። የወንድሙ ልጆች እንዳይራቡ አስቦ ነው። እሷ ግን ጋፋት ከገባች እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ በሰው ጓዳ እንደምትኖር ታውቃለች።

«እንዳሉ፣ አያ ካሳሁን» አለች። ሙስጠፋ ከወጣ ሌሎቹም ይከተላሉ፤ ተከራይ ከሌለ ምን ትላለች?

ክፍሎቹን ገና ከጅምሩ ፈርታቸው ነበር። ጣሊያን ገብቶ መንገድ መሥራት ሲጀምር ደብረ ታቦር በሰው ተጥለቀለቀች። ነጋዴውም ድንጋይ ፈላጩም ማደሪያ አጥቶ በየሰው ቤት ጥግ ይተኛል። ሞላ አናጢ ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቤት ሲሠራ ኖሯል። አንድ ቀን ጓሮው ውስጥ ቆሞ «ይህን ጎመን ነቅለን አንድ ክፍል ብንሠራስ? እናከራያለን» አላት።

«ጎመኑንማ ልጆቼ ይበሉታል። ክፍል ይበላል?»

«ያበላል።»

«ጣሊያን ቢወስደውስ? የገባው ሰው ሌባ ቢሆንስ? ሽፍታ ደብቀሃል ብለው ቢያስሩህስ?»

«አንቺ ደግሞ ደመና ሳይኖር ጎርፍ ይታይሻል» ብሎ ሳቀ። «አንዷን ብቻ እንሞክር። ካልሆነ ጎመኑን መልሰን እንተክላለን።»

ክፍሏ አለቀች፤ ሣሯም ተከደነ። ሞላ ግን ወዲያው አላከራያትም። ዝናብ ጠበቀ። ዝናቡ ሲመጣ ገባና በየማዕዘኑ እየቆመ መዳፉን ከጣራው ሥር ዘረጋ። ጎረቤታቸው ጠላ ሻጯ ዓለሚቱ በአጥሩ አሾልቃ አየችውና «ኧረ ጉድ! ሞላ ከጣራ ምጽዋት ይለምናል!» ብላ ሰፈሩን አሳቀችበት።

«ሳቂ» አላት ሞላ። «ዝናብ ያልፈተነው ቤት ውስጥ ሰው አላስገባም። ኪራይ የተቀበልሁት ሰው ቢረጥብ የረጠብሁት እኔ ነኝ።»

ያን ጊዜ ሙስጠፋ ከነመኪናው ገበያው ዳር፣ በሰው ጣራ ጠርዝ ሥር ነበር የሚያድረው። መጀመሪያ የገባው እሱ ነው። በዓመቱ አሚና በዚያች ክፍል ስትወልድ ውጭ በረዶ ይወርድ ነበር፤ ፈንታነሽ ወገቧን ደግፋ ይዛ፣ ዓይኗ ግን ጣራው ላይ ነበር። አንዲት ጠብታ አልወረደችም። የመጀመሪያዋ ክፍል ኪራይ ሁለተኛዋን፣ የሁለቱ ኪራይ ሦስተኛዋን አቆመ። አራተኛዋ ሣሯ ተከድኖ በር ብቻ ሲቀራት ሞላ ለበሩ እንጨት ሊያመጣ ይፋግ ወረደ።

«ቆላው ይገድልሃል» ብላው ነበር። እንጨቱንም ንዳዱንም ይዞ ተመለሰ። ሺህ ጊዜ ፈርታ ሺህ ጊዜ ተሳስታለች፤ አሁን አንዴ ልክ ሆነች። ምነው ያችንም በተሳሳተች!

ከሰዓት በኋላ የሞላ ዘመዶች ከጣራ ገዳም በኩል ደረሱ፤ ሃያ ይሆናሉ። መንገድ ላይ ዝናብ መትቷቸው ሽማግሌዎቹ ይንቀጠቀጣሉ። ዳሱ ግራና ቀኙ ክፍት ነው። ፈንታነሽ «ዛሬ ደግሞ በእኔ ግቢ ሌላ ሰው ሊሞት ነው» ብላ ብድግ አለች።

ሰዎቹ ግን ወደ ጓሮ እየሄዱ ነበር። አሚና ከፊት ከፊት ትመራለች። ፈንታነሽ ተከትላ ወደ ሙስጠፋ ክፍል ብትገባ ወለሉ ተጠርጓል፤ ጭድ ተነጥፏል፤ መሐል ላይ እሳት ይነዳል።

«አሚና፣ እናንተስ? ወዴት ነው የሄዳችሁት?»

«ወዴት እንሄዳለን እቴ ፈንታነሽ? አጥር ተሻግረን ዓለሚቱ ዘንድ ነን፣ እስከ ሰባቱ። መኪናውም እዚያው ነው። ሙስጠፋ ለጠላው ጋን ጀርባውን ሰጥቶ ይሰፋል!»

«ምነው ሳትነግሩኝ?»

«ሐዘንተኛ ፈቃድ ይጠየቃል?» አለ ሙስጠፋ ከበሩ። ክንዱ ሙሉ ማገዶ ይዟል። «ሞላ ከሰው ጣራ ጠርዝ አንስቶ ከጣራ ሥር አስገባኝ። ወገኖቹ ዝናብ እየመታቸው እኔ እዚህ ልተኛ?»

ፈንታነሽ ማገዶውን ተቀበለችው።

በማግስቱ ጠዋት ካሳሁን መጥረቢያውን ይዞ አራተኛዋ ክፍል ደጃፍ ላይ ደረሰ። ፈንታነሽ ቀድማ ቆማበታለች።

«ያስቀምጡት፣ አያ ካሳሁን።»

«ትናንት እንዳሉ አላልሽኝም?»

«ብዬ ነበር። እነ ሙስጠፋ የወጡ መስሎኝ፣ ፈርቼ።»

«ዛሬስ አትፈሪም?»

«እፈራለሁ እንጂ! እዚሁ ሆኜ እፈራለሁ።»

ካሳሁን በሙስጠፋ ክፍል ጭድ ላይ ተኝተው ያደሩትን ሽማግሌዎች አየ። ግድግዳው ላይ የተደገፈውን የይፋግ እንጨትም አየ፤ ወንድሙ በመጨረሻ ጉልበቱ ያመጣው ነው። «እልኸኛ!» አለ፤ ሟቹን ይሁን እሷን አልታወቀም። ከዚያ በመጥረቢያው እንጨቱን ለበር ይጠርብ ጀመር።

የሰባቱ ዕለት ሰማዩ ጠቁሮ ዋለ። ለቀስተኛው ንፍሮ እየቆረጠመ ሳለ ዝናቡ ወረደ። ፈንታነሽ ነጠላዋን አጣፍታ አዲሱን በር ከፍታ ገባች። ትንሽ ቆይቶ ሙስጠፋ በሩ ደፍ ላይ ብቅ አለ።

«እቴ ፈንታነሽ፣ ወንድሜ ኢብራሂም ክፍል ይፈልጋል። ይምጣ ልበለው?»

ጀርባዋን ሰጥታው ማዕዘኑ ላይ ቆማለች፤ መዳፏ ከጣራው ሥር ተዘርግቷል።

«ቆይ» አለችው። «ገና ሦስት ማዕዘን ይቀረኛል።»

እጇን ሳታወርድ ወደ ቀጣዩ ማዕዘን አለፈች።