አልነሣም ያለችው ሰይቸንቶ

ኢንድሪስ ከወሎ፣ ከወረባቦ ተነሥቶ አስመራ ሲገባ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። ውሎ አድሮ መሪ ጨበጠና ከምጽዋ ወደብ እህልና ጨርቅ እየጫነ ያን ጠመዝማዛ ዳገት መውጣትና መውረድ ሥራው ሆነ። ሥራውን ይወደው ነበር። የተወው በሚስቱ በመድና ምክንያት ነው።

የመጀመሪያ ልጃቸው ምጥ መድናን የያዛት እሱ በምጽዋ መንገድ ጊንዳዕ አጠገብ የፈነዳ ጎማ ሲቀይር ነው። ቀትር ላይ ነበር። ጎረቤቶች መኪና ፍለጋ ወጡ፤ የወጣው ሁሉ ቆየ፤ በመጨረሻ አንድ ሰው ፈቃደኛ ሆኖ ሲያደርሳት ጊዜው አልፎ ነበር። ኢንድሪስ በማግስቱ ከነአቧራው ቤቱ ሲገባ ልጁ ተቀብሯል፤ መድናም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ከዚያ ቀን በኋላ አንድም ጊዜ «የት ነበርክ?» ብላው አታውቅም። እሱን ሲያንገበግበው የኖረው ይኸው ነው። ብትጠይቀው መልስ ነበረው። ሳትጠይቀው ስትቀር መልሱ ጉሮሮው ላይ ቀረ።

ስለዚህ ከባዱን መኪና ትቶ አንዲት ያረጀች አረንጓዴ ሰይቸንቶ፣ ትንሽ የፊያት ታክሲ ያዘ። ከከተማ አይወጣም፤ መድና በፈለገችው ሰዓት ይገኛል፤ ሐሳቡ ይኼ ነበር። የኤርትራና የኢትዮጵያ ፌዴሬሽን በፈረሰ በሦስተኛው ዓመት መድና እንደገና አረገዘች። ወሯ ሲገባ ታክሲዋ አዲስ አመል አወጣች።

የሰይቸንቶ ማስነሻ በሁለቱ የፊት መቀመጫዎች መካከል ወለሉ ላይ ያለች ትንሽ ማንሻ ናት። ሳብ ሲያደርጓት ቀጭን የብረት ሽቦዋ ከኋላ ያለውን ሞተሪኖ ይጎትተዋል፤ ሞተሪኖው ሞተሩን ይቀሰቅሰዋል። አንዳንድ ቀን ግን ኢንድሪስ ማንሻዋን ሲስባት «ቀጭ» ትልና ዝም። ደግሞ ይስባል፤ ዝም። ወርዶ የኋላ ክዳኗን ከፍቶ፣ አይቶ፣ ምንም ሳይነካ ዘግቶ ሲሞክራት፣ ቅድም እምቢ ያላለች ይመስል ብድግ። ጨርሳ ብትሞት ይሻለው ነበር፤ የሞተው ነገር ይፈለጋል፣ ይገኛል፣ ይቀየራል። እሷ ግን ዛሬ ደኅና፣ ነገ እምቢ፣ ከነገ ወዲያ ደኅና እየሆነች ልቡን አወለቀችው።

ከዚያ ወዲህ ተጠንቅቆ የሚያቆማት ቁልቁለት ላይ ብቻ ሆነ። እምቢ ካለች አንከባሎ በማርሽ ያስነሣታል። ቤታቸው ከፎርቶ ምሽግ ሥር ዳገቱ ላይ ስለሆነ በሩ ድረስ እያመጣ አፍንጫዋን ወደ ታች አድርጎ ያቆማታል። ጠዋት ጠዋት መድና ሳትነቃ በእግሩ ጣት እየተራመደ ወጥቶ ይሞክራታል። መድና ግን አልተኛችም። ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆና እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ታዳምጣለች፤ ሞተሩ ሲነሣ ትንፋሿን ትለቃለች፣ እሱ ሲመለስ ዓይኗን ትጨፍናለች። ሁለቱም እንዲህ አንዱ ሌላውን ላለማስጨነቅ ሲደባበቁ ሰነበቱ።

መካኒኩ ኣስመሮም እዳጋ ሓሙስ ውስጥ ጋራዥ ያለው፣ ሃምሳውን ያለፈ፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ሙያውን የተማረው ልጅ ሳለ ከጣሊያኖች፣ አማርኛውን ደግሞ ጎልምሶ ከደንበኞቹ ነው። ኢንድሪስ «ኣያ» ይለዋል፤ እንደ ታላቅ ወንድም። ኣስመሮም መጀመሪያ የባትሪውን ጫፎች ጠርጎ፣ አጥብቆ ሰደደው። በሁለተኛው ቀን እምቢ አለች። ቀጥሎ ሞተሪኖውን አውርዶ፣ ፈቶ፣ ካርቦኑን ቀየረለት። ደግሞ እምቢ አለች፤ ጋራዡ ውስጥ ሲደርሱ ግን በመጀመሪያው ስበት ተነሣች። ኣስመሮም አጠፋ፣ አስነሣ፤ አጠፋ፣ አስነሣ። ኢንድሪስ ዳር ቆሞ ሲያያት በሰው ፊት የሰደበችው ያህል ተናደደ። መካኒኩ ውሸታም አድርጎ እንዳይቆጥረው ስለ ፈራም መማል ጀመረ።

ኣስመሮም እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሰማውና ፈገግ አለ።

«አትማል። እኔ ዋሸህ አላልኩም። ሰው ሐኪም ፊት ሲቀርብ ሕመሙ ይጠፋበት የለ? ማኪናም እንደዚያ ናት። እሑድ እኔ ወደሷ እመጣለሁ።»

እሑድ ኣስመሮም ከቅዳሴ በኋላ ነጠላውን ታክሲዋ ውስጥ አጣጥፎ አስቀምጦ ከኢንድሪስ ጎን ተቀመጠ። ቀኑን ሙሉ አብረው ሠሩ። ሰው ሲጫን ኣስመሮም ጉልበቱን አጥፎ ይጠበባል፤ ሰው በወረደ ቁጥር ሞተሩን አጥፍተው እንደገና ያስነሣሉ። አንድም ጊዜ እምቢ አላለችም። ወደ ማምሻው ላይ ኣስመሮም ወደሚኖርበት ወደ ቤት ጊዮርጊስ ሰፈር ወጥተው አንዲት ሻሂ ቤት በር ላይ ተቀመጡ። ከፊታቸው የምጽዋ መንገድ እየተጥመዘመዘ ይወርዳል፤ ከሥር ጉሙ ገደሉን እየሞላ ይመጣል።

ኣስመሮም ታክሲ ነው፣ ታክሲ አንዳንድ ቀን ተገፍቶም ይነሣል፣ ይኼን ያህል ምን ያስጨንቅሃል ብሎ ጠየቀው። ነገሩን እንደ ዘበት ነው ያነሣው። ኢንድሪስ ግን መንገዱን ሲያየው ቆይቶ ጀመረው፤ ጎማው የት ላይ እንደ ፈነዳ፣ ቤት ሲገባ ምን እንዳገኘ፣ መድና ዝም እንዳለችው፣ አሁንም ወሯ እንደ ገባ። ለማንም ነግሮ አያውቅም። አንዴ ከጀመረ በኋላ ማቆም አቃተው፤ ሻሂውም ቀዘቀዘ።

ኣስመሮም አላጽናናውም። «ኣይዞህ» እንኳን አላለውም። ብርጭቆውን አስቀምጦ ከኪሱ የራሱን መኪና ቁልፍ አወጣ።

«የእኔን ቶፖሊኖ ውሰዳት። ትንሽ ናት፣ ግን እምቢ ብላ አታውቅም። ያንተዋ እኔ ጋር ትሰንብት።»

«እርስዎስ በምን ይሄዳሉ፣ ኣያ?»

«በሷ። አብሬያት እኖራለሁ። እምቢ እስክትለኝ።»

ኢንድሪስ ከሚያውቃት ጥቂት ትግርኛ «የቐንየለይ» የምትለዋን ምስጋና ብቻ ማውጣት ቻለ። በዚያ ሰሞን አንዳንድ ሱቅ ውስጥ አማርኛ ሲሰማ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሰው እንደ ነበር ኢንድሪስ ልብ ብሏል፤ የኣስመሮም ጎረቤትም መኪናውን ለማን እንደ ሰጠ ጠይቆት እንደ ነበር ኋላ ሰምቷል። ኣስመሮም ለሰውየው የመለሰለት «ሚስቱ ልትወልድ ነው» የምትል ብቻ ነበረች።

እነዚያን ቀናት ኢንድሪስ ሥራ አልወጣም። በቶፖሊኖ ታክሲ አይሠራም፤ ከመድናም ሊርቅ አልደፈረም። ቤት ውስጥ ሲንጎራደድ፣ ትራሷን ሲያደላድል፣ ውኃ ሲያቀርብ፣ «አመመሽ እንዴ?» ሲላት ይውላል። ሁለት ጁምዓ እንኳን መስጊድ አልሄደም። በሦስተኛው ጁምዓ መድና ራሷ ጋቢውን አንሥታ አቀበለችው። እሷ ደኅና እንደሆነች፣ ጎረቤታቸው ረሒማ አጠገቧ እንደምትሆን፣ ሰግዶ ዱዓ ቢያደርግላት እንደሚሻላት ነገረችው። እያመነታ ወጣ። ትልቁ መስጊድ ሩቅ ስላልሆነ በእግሩ ሄደ፤ ቶፖሊኖዋ በር ላይ ቆመች።

ሲመለስ በሩ ገርበብ ብሏል፤ ቤት ውስጥ ማንም የለም። የመድና ነጠላ ጫማ አንዱ እግር ብቻ ደጃፉ ላይ ወድቋል። ኢንድሪስ ስሟን ጠራ። ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው። ከመንገዱ ማዶ ልብስ ሰፊው በርሄ ከስፌት መኪናው ተነሥቶ ወጣና ሆስፒታል እንደ ወሰዷት ነገረው፤ ረሒማም አብራ ሄዳለች።

«በምን?»

«በታክሲ ነዋ። በዚያችው በአረንጓዴዋ።»

«የማን አረንጓዴ?»

«ያንተዋ፣ ኢንድሪስ!»

እጁ ሳያስበው ወደ ኪሱ ገባ። የቶፖሊኖዋ ቁልፍ እዚያው አለ። መድና በር ላይ የቆመችውን መኪና እያየች፣ ቁልፉ እሱ ኪስ ውስጥ መስጊድ ተቀምጦ እንደ ነበር ሲገባው ወደ ቶፖሊኖዋ ሮጠ። ደግሞ አልነበረም። ይኼን ሁሉ ጠብቆ፣ ይኼን ሁሉ ተጠንቅቆ፣ ደግሞ አልነበረም። ሆስፒታሉ ድረስ እንዴት እንደ ነዳ ኋላም ቢጠየቅ አያስታውስም።

ሰይቸንቶዋ በሩ ፊት ለፊት ቆማለች። ኣስመሮም ተደግፏት ሸሚዙ ሙሉ ዘይት ሆኖ ቆሟል። ኢንድሪስ ሲመጣ ሲያይ ምን እንደሚለው ቸገረውና ያወቀውን ብቻ ያወራለት ጀመር፤ ማሳዋ፣ የሞተሯ ሽቦ ነው፣ አገኘሁት፣ ጠዋት ነው ያገኘሁት፣ ቀይሬ ልመልስልህ ስመጣ ሚስትህን ደጅ ላይ ግድግዳ ይዛ አገኘኋት አለው። ኢንድሪስ ከዚህ ሁሉ የሰማው መጨረሻውን ነው። ወደ ውስጥ ሊሮጥ ሲል ዘበኛው ገና መሆኑን ነግሮ ከለከለው። አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

ኣስመሮም መሬት መሬት እያየ ተናገረ። «መንገድ ላይ ስታምጥ ምን ትለኝ ነበር መሰለህ? ‹ኢንድሪስን ቀስ ብላችሁ ንገሩት፣ እንዳይደነግጥ።› ሦስቴ አለችኝ።»

ኢንድሪስ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ኣስመሮም ያን ጊዜ እጁን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ፤ ነርሷ ወጥታ ሴት ልጅ መሆኗን እስክትነግራቸው ድረስም አላነሣውም።

መድና ላብ ግንባሯ ላይ እንደ ደረቀ፣ ልጅቱን ብብቷ ውስጥ አድርጋ አገኛት። ኢንድሪስ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ልጅቱን አይቶ፣ አሏህን አመስግኖ፣ ከዚያ ግን ያችው ጉሮሮው ላይ የቀረችው ነገር ወጣች።

«ደግሞ አልነበርኩም፣ መድና።»

መድና አየችው። «ጠዋት ጀምሮኝ ነበር» አለችው። «ፊትህን ሳየው ዋጥኩት። ትንሽ ነው ብዬ ነው ወደ መስጊድ የሰደድኩህ።» ቀጥላም ጠየቀችው፦ «ሰውየው ለምን መኪናዋን ጋራዡ አላስቀመጣትም? ለምን ቤታችን መጣ?»

«ነግሬው ነበር። ስለ አንቺ። ስለ ያኔው።»

«ስለዚህ ነው የመጣው» አለች። «ባትነግረው አይመጣም ነበር።»

ልጅቱ አፏን ከፍታ ዘጋች።

«ያኔም እኮ አልተቀየምኩህም» አለች መድና ዝግ ብላ። «ያላነሣሁት አንተ እንዳታለቅስ ብዬ ነው። አንተ ተቀይማኛለች ብለህ ነው ይኼን ሁሉ ዘመን?»

ኢንድሪስ ግንባሩን እጇ ላይ አሳረፈ፤ እሷም ሌላውን እጇን ከልጅቱ ሥር ቀስ ብላ አውጥታ ፀጉሩን ዳበሰችው።

የታክሲዋን ነገር በወጉ የሰማው መድና ቤት ከገባች በኋላ፣ ኣስመሮምና ሚስቱ ትበርህ ሊጠይቋቸው በመጡ ዕለት ነው። ኣስመሮም አሮጌውን ማሳ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞ መጥቷል፤ ሞተሩን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያገናኝ የተጎነጎነ የመዳብ ሽቦ ነው። ኤሌክትሪክ ሞተሪኖውን አዙሮ ወደ ባትሪው የሚመለሰው በዚህ በኩል እንደሆነ አስረዳ። ይኼኛው ከውስጥ ተበልቶ በጥቂት ክር ብቻ ተንጠልጥሎ ነበር። ሜዳ ላይ ክሮቹ ይነካካሉ፣ ትነሣለች። አፍንጫዋን ወደ ታች አድርጋ ስትቆም ግን ሞተሩ ትንሽ ይንሸራተትና ክሮቹ ይላቀቃሉ። ቤት ጊዮርጊስ ያለው የኣስመሮም ደጅ ቁልቁለት ነው፤ እስከዚያ አፍንጫዋን ወደ ላይ አድርጎ ሲያቆማት ሰንብቶ በዋዜማው ወደ ታች አዙሮ አሳደራት፤ ጠዋት እምቢ አለችው። ትበርህን ማንሻዋን እንድትስብለት አድርጎ እሱ ከኋላ ሲመለከት፣ ትበርህ ጮኸች፤ ማንሻዋ አቃጠለቻት። መመለሻ ያጣው ኤሌክትሪክ በማንሻዋ ሽቦ በኩል ሊያልፍ ሲታገል ሽቦውን አግሎት ኖሯል። ከዚያ በኋላ ለኣስመሮም የቀረው ከሥሯ ገብቶ ማየት ብቻ ነበር።

«ጋራዤ ወለሉ ሜዳ ነው» አለ። «እሑድ ደግሞ እኔ አብሬህ ስላለሁ ቁልቁለት አልፈለግህም። አንተ እንዳታስቸግርህ ብለህ ቁልቁለት ላይ ስታቆማት እሷ የምትታመመው እዚያው ነበር።»

ኢንድሪስ ሽቦውን እያገላበጠ ሲያየው ሳቅ ያዘው። መድናም ከአልጋዋ ላይ ሆና ሳቀች፤ ስትስቅ አሁንም ያማት ስለ ነበር ሆዷን ይዛ ነው።

ትበርህ ልጅቱን ስማ፣ ስሟን ጠይቃ፣ ዓሊማ መሆኑን ስትሰማ ደግማ ደጋግማ ጠራችው፤ «ዓ»ዋን ከጉሮሮዋ እያወጣች ስትጠራው ከወላጆቿ አጠራር ይልቅ ያምር ነበር። ከዚያ ወደ ባሏ ዘረጋቻት። ኣስመሮም እጆቹን ወደ ኋላ ደበቀ፤ ዘይት ናቸው፣ ኣይፋል፣ አይሆንም አለ። ኢንድሪስ ተነሥቶ ማስታጠቢያና ሳሙና አመጣና ራሱ ውኃ አፈሰሰለት። ኣስመሮም ጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁረት አልለቅ ብሎት ደጋግሞ አሸ። በመጨረሻ ልጅቱን ተቀብሎ፣ ክንዶቹን አርቆ፣ እንደሚሰበር ነገር ያዛት። እሷም ዓይኗን ገልጣ አየችውና አነጠሰች።